«ለሁሉም ፕሪንተር ይሆናል» የሚባለውን ጥቁር ቀለም እንዳትገዙ

ከሲሪንጅና ከጓንት ጋር ታሽጎ፣ 100 ሚሊ ሊትር በጠርሙስ፣ «ለሁሉም ፕሪንተር ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠውን ጥቁር ቀለም ለኤችፒ 123፣ ለኤችፒ 652 ወይም ለካነን 445 ካርትሪጅ (ፕሪንተሩ ውስጥ የሚገባው የቀለም መያዣ) መሙያ ብላችሁ እንዳትገዙት። ኤችፒ 123 ጥቁሩ በፋብሪካ ስሌት 120 ገጽ ገደማ ብቻ ስለሚያትም፣ ጠርሙሱ ትልቅ ቅናሽ ይመስላል። ካርትሪጁን ካስጣለ በኋላ ግን ቅናሹ የለም።

የእነዚህ ካርትሪጆች ጥቁር ቀለም ፒግመንት ነው፤ ውኃ ውስጥ የተበተነ እጅግ ደቃቅ ብናኝ ማለት ነው። የባለ ሦስት ቀለሙ ካርትሪጅ ቀለም ግን እንደ ስኳር ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ዳይ ነው። «ለሁሉም» የሚባለው ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ ዳይ ሆኖ ይገኛል። ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ላይ ከቀረው ፒግመንት ጋር ሲገናኝ ብናኙ ሊጓጉል ይችላል፤ ቀለሙ የሚረጭባቸው ቀዳዳዎች ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ባይደፈኑ እንኳ የፊደሉ ጠርዝ ወረቀቱ ላይ ይንሰራፋል፤ ላብ የነካው ጣት ሲያርፍበት ይለቃል። ውል ወይም ደብዳቤ ለሚያትም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሻጩ «ፒግመንት ነው» ካላችሁ፣ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ካደረቃችሁት በኋላ ውኃ አንጠባጥቡበት። ክፉኛ ከፈሰሰ ዳይ ነው፤ መልሱለት።

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ካርትሪጁ በሕይወት መኖሩን እዩ። ሶፍት አጥፋችሁ በሞቀ ንጹሕ ውኃ አርጥቡና ካርትሪጁን ቀለም በሚረጭበት አፉ በኩል ለአንድ ደቂቃ ሶፍቱ ላይ ጫን አድርጉት። ጥቁሩ አንድ ወፍራም መስመር፣ ባለ ቀለሙ ሦስት የተለያዩ መስመሮች መተው አለበት። መስመሩ ቁልጭ ብሎ እየወጣ ፕሪንተሩ ግን ነጭ ወረቀት የሚያወጣ ከሆነና መዳብ መሳዩን መገናኛ ብታጸዱትም ካልተሻለው፣ ቀለሙን የሚያፈሉት ጥቃቅን ማሞቂያዎች ሳይቃጠሉ አልቀሩም። ያኔ ምንም ቀለም አያድነውም። የሚቃጠሉት ደግሞ ካርትሪጁ ባዶ ሆኖ ማተም ሲቀጥል ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ መደብዘዝ እንደጀመረ አቁሙ።

ሶፍቱን ለማርጠብ የቧንቧ ውኃ አትጠቀሙ፤ ማዕድኑ ቀዳዳው ላይ ይቀራል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውኃ (ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውኃ) ይሻላል፣ ግን አደራ፣ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ።

ሲሞላ፣ ካርትሪጁ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ልጡና መርፌውን ከሥሩ ባለው ቀዳዳ በኩል ስፖንጁ ውስጥ ጠለቅ አድርጋችሁ በጣም በዝግታ ግፉ፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል። ለጥቁሩ 4 ሚሊ ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 1.5 ይበቃል። ቀለሙ በዚሁ በላይኛው ቀዳዳ አፍ ላይ ብቅ ካለ ግማሽ ሚሊ ሊትር መልሳችሁ ሳቡ። ባለ ሦስት ቀለሙ ላይ የቱ ቀዳዳ የየትኛው ቀለም እንደሆነ በግምት አትሂዱ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ስቴኪኒ አስገብታችሁ ጫፉን እዩ። ቢጫው ውስጥ አንዴ ሰማያዊ ከገባ በቀላሉ አይጠራም። ቀዳዳውን ለመዝጋት ፕላስተር ስትለጥፉ አየር የሚገባበትን ቀጭን ቦይ አትድፈኑ፤ አየር ካላገኘ ከጥቂት ገጽ በኋላ መርጨት ያቆማል።

የኤፕሰን ነገር ይለያል። የሚረጨው ክፍል ፕሪንተሩ ውስጥ ስለሆነ፣ መጥፎ ቀለም ካርትሪጁን ሳይሆን ራሱን ፕሪንተሩን ነው የሚያስጥለው። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ኤችፒም ይታሰብበት፦ ኤችፒ ፕላስ በሚባለው የኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ የተመዘገበ ከሆነ የተሞላ ካርትሪጅ አይቀበልም፣ የሚወስደውም የካርትሪጅ ቁጥር እዚህ ገበያ ካለው ሊለይ ይችላል።

ከተሞላ በኋላ «ያገለገለ ካርትሪጅ» ወይም «ቀለም አልቋል» የሚል መልእክት ቢመጣ አትደንግጡ። ቺፑ የቆጠረውን እንጂ ውስጥ ያለውን አያይም፤ ኤችፒ ላይ «እሺ» ብላችሁ እለፉት፤ ካነን ላይ የማቆሚያውን (Stop) ቁልፍ ለ5 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ።