ሻወር ቤት የምታሳድሱ፣ ሒሳብ ከመዝጋታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሻወር ቤት ልታሳድሱ ያሰባችሁ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ እኔ የደረሰብኝ አይድረስባችሁ። ቤቴን ያደሰልኝን ሰውዬ ስም አልጠራም፣ ጭቅጭቅ አልፈልግም። አሠራሩን ግን ልንገራችሁ፣ እንደሱ ያለው ብዙ ነውና።

ቤቴ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰውዬውን ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። የሠራቸውን ቤቶች በስልኩ አሳየኝ፤ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ መስታወቱ ያምራል፣ ፎቶ ደግሞ አያፈስም። ዕቃው በኔ፣ የእጅ ዋጋ 45 ሺህ ብር ብለን ተስማማን። ቀብድ 20 ሺህ ሰጠሁት። በ3ኛው ቀን «ለልጆቹ የምሳ» ብሎ 10 ሺህ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ 10 ሺህ። ሥራው ሳያልቅ 40 ሺህ ወስዷል። ውል እንጻፍ ስለው «እህቴ፣ እኔና አንቺን ወረቀት ምን ያደርግልናል?» አለኝ፣ እኔም አፍሬ ተውኩት። በ8 ቀን ጨረሰ። የቀረችውን 5 ሺህ ሰጥቼ ምሳም ጋበዝኩት። እስካሁን የምታንገበግበኝ ያቺ ምሳ ናት።

በ2 ሳምንቱ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። የታችኛዋ ጎረቤቴ ነጠላቸውን እንደለበሱ ባልዲ ይዘው ቆመዋል። «ልጄ፣ ጸሎት እያደረስኩ አናቴ ላይ ጠብ አለ። ጸበል መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ወርጄ ሳየው ጣሪያቸው እንጀራ የሚያህል ቢጫ እድፍ አውጥቷል።

ደወልኩለት። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይደርቃል» አለኝ። ይደርቃል! ከዚያ ነገ ዛሬ ሲል ከረመ፣ አሁን ጭራሽ ብሎክ አድርጎኛል።

ሌላ ባለሙያ አመጣሁ። ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ሴራሚኩን መታ መታ አደረገው። በደንብ የተለጠፈ ሴራሚክ ድምፁ ድፍን ነው፣ የኔው እንደ ባዶ ጣሳ ያስተጋባል። አንዱን በመሮ ነካ ሲያደርገው ሳይሰበር ሙሉውን ተነሳ። ጀርባው ላይ አምስት ጉብታ ሲሚንቶ ብቻ፤ አራቱ በየማዕዘኑ፣ አንዱ መሃል። በሴራሚኮቹ መካከል የገባው ውሃ ከስር ባለው ባዶ ቦታ እንደ ልቡ ሲሄድ ነበር ማለት ነው። በገዛ ገንዘቤ ከመርካቶ ሁለት ባልዲ የገዛሁት ውሃ መከላከያ ቅብ ደግሞ ምልክቱም የለም፣ የማን ቤት እንደተቀባ እግዜር ይወቅ። የፍሳሽ ቧንቧው መገጣጠሚያ ሙጫ አልነካውም፣ ዝም ብሎ ተሰክቷል። ወለሉም የሚያዘነብለው ወደ ማፍሰሻው ሳይሆን ወደ በሩ ነው። የኮሪደሩ ምንጣፍ ለምን እንደሚረጥብ ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ ስሙኝ። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ቅቡ ቢያንስ 2 ጊዜ መቀባቱን፣ ግድግዳውም ላይ መውጣቱን ቆማችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ሲደርቅ ማፍሰሻውን ድፈኑና ወለሉ ላይ ውሃ ሙሉ፣ የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩ፣ 24 ሰዓት ይቆይ፣ ታች ያለውንም ጎረቤት ጠይቁ። ሠራተኛው «ይሄ ምን ያደርጋል፣ ጊዜ ማባከን ነው» ካለ ሰውየውን አወቃችሁት ማለት ነው። ወለሉ በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ወደ ማፍሰሻው ይዘቅዝቅ። ክፍያውን ደግሞ ቆራርጡት፤ የመጨረሻዋ ጠቀም ያለች ትሁንና ከውሃው ፈተና በኋላ ትከፈል። የኔዋ 5 ሺህ ማንንም ወደ ኋላ አትመልስም።

ውሉን በአንድ ገጽም ቢሆን ጻፉት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ የ10 ዓመት ዋስትና አለበት ይላል። እኔ ግን ምን ይዤ ልክሰስ? ግማሹን ብር እንኳ በጥሬው ነው የሰጠሁት፣ የባንክ ደረሰኝም የለኝም።

አሁን ሁለተኛው ባለሙያ ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ቀብቶታል። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ውሃ ሞላነው። ይህን ስጽፍ ውሃው ከእርሳሱ ምልክት ዝቅ አላለም። እትዬም እየደወሉ «እስካሁን ደረቅ ነው ልጄ» ይሉኛል፣ ጸሎታቸውን ግን ለጊዜው ወደ ሳሎን አዙረዋል።