ባለ 5 በመቶ በረኪና ለዋርድ (ለሕሙማን ክፍል)፦ የሚያዋጣበትና የሚያከስርበት

ሱቅ ውስጥ ለልብስ የሚሸጠው ተራ በረኪና በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሌላ ሥራ አለው፤ እዚህ የምንመዝነውም በዚያ ሥራው ነው። ከዋጋው አንጻር የሚስተካከለው የለም። ያልታጠበ ነገር ላይ ከፈሰሰ ግን ብር መድፋት ነው።

ሲገዛ መጀመሪያ ጽሑፉ ይነበብ። የሶዲየም ሃይፖክሎራይቱ (ተህዋስ የሚገድለው የክሎሪን ውህድ) መጠን በመቶኛ ወይም የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ለዋርድ አንመክርም። በረኪና ተቀምጦ የሚደክም ዕቃ ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ካገኘው ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ሽታው አፍንጫ እየሰነፈጠ ጉልበቱ ግን ሊጎድል ይችላል። ሽቶ የተጨመረበትና ወፈር ያለው ዓይነት ለቤት ይሁን።

ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ለነካው ቦታ የሚፈለገው 0.5 በመቶ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የጠርሙሱን መቶኛ ለምትፈልጉት መቶኛ አካፍሉ፣ ከውጤቱ 1 ቀንሱ። 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ 1 ሲቀነስ 9። ስለዚህ ለ1 ጆግ በረኪና 9 ጆግ ውሃ፣ በዚያው ጆግ ተለክቶ። ጠርሙሱ 4 በመቶ የሚል ከሆነ ውሃው 7 ጆግ ይሆናል። ደም ላልነካው የአልጋ ጠርዝና የበር እጀታ 0.1 በመቶ ይበቃል፤ ለ10 ሊትር ድብልቅ 200 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ማለት ነው። በክዳን ጠብ ጠብ ማድረግ ልኬት አይደለም። ማብዛትም አያዋጣም፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ የጽዳት ሠራተኞቹም በማግስቱ በግምት ያሳንሱታል። ባልዲው ፕላስቲክና ክዳን ያለው ይሁን፣ ውሃው ቀዝቃዛ። ባልዲው ላይ ፕላስተር ለጥፎ የተዘጋጀበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ ነው። 24 ሰዓት የሞላው ይደፋል፤ የቆሸሸው ደግሞ ሰዓቱ ሳይደርስም ይደፋል።

ገንዘቡ የሚባክነው በዋነኝነት ወለል ላይ ደም ሲፈስ ነው። ባልዲው ተነስቶ በደሙ ላይ ይገለበጣል። ክሎሪኑ ከደሙ ፕሮቲን ጋር ሲታገል ያልቅና ለተህዋሱ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ ወፍራም የላስቲክ ጓንት አጥልቆ ደሙን በጨርቅ ወይም በወረቀት መምጠጥ፣ ጨርቁን ተላላፊ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ መጣል፣ ቦታውን በኦሞና በውሃ አጥቦ ማለቅለቅ፤ 0.5 በመቶው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቦታው 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በሰመራ ሙቀት ከዚያ በፊት ሊደርቅ ስለሚችል ደግሞ ማርጠብ ያስፈልጋል። ደሙ ደርቋል ብሎ መተውም አይቻልም፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን መበከል ይችላል።

ለመቀስና ለፎርሴፕስ (የሕክምና መቆንጠጫ) ግን አንመክረውም። መሣሪያን ከማጠብ በፊት 0.5 በመቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ለዓመታት የተለመደ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አይመክረውም። ክሎሪን ብረት ይበላል፣ በተበላው ቀዳዳ ውስጥ ቆሻሻ ይሸሸጋል፣ ከዚያ በኋላ ብሩሽ አያወጣውም። መሣሪያው ሳይደርቅ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ወደ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ተህዋስ የሚገድል ማሽን) ይግባ፤ ለተጠቀለለ 121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው።

ለእጅም የተሻለ አለ። ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞችን በክሎሪን ውሃ እጃቸውን አስታጥቦ የወላዶችን ሞት ቀንሷል፤ አማራጭ አልነበረውም። ዛሬ 80 በመቶ ኤታኖል (አልኮል) ያለው የእጅ ማሻሻ ፈሳሽ አለ፤ እጅ እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይታሻል። በረኪና ቆዳ ይሰነጥቃል፣ የተሰነጠቀ እጅ ደግሞ ተህዋስ ይዞ ይዞራል። በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ላለበት እጅ ሳሙናና ውሃ ነው። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ያለበት ተቅማጥ ታማሚ ከተነካ በኋላም እንደዚሁ፤ ስፖሩን (ባክቴሪያው ተሸፍኖ የሚቆይበትን ዘር መሰል ቅርጽ) አልኮል አይገድለውም። የታማሚው አልጋና ሽንት ቤት ላይ ግን በረኪና አልኮሉን በግልጽ ይበልጠዋል። መርፌ የወጋው ጣት ላይ አታፍስሱት፤ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ለኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መሄድ ነው፣ 72 ሰዓት ከማለፉ በፊት።

ቲቢ ክፍል ውስጥ ወለሉን በረኪና በረኪና ማሸተት ለጎብኚ ደስ ይል ይሆናል። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ስለሆነ የሚያስፈልገው የተከፈተ መስኮት፣ ለታማሚው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ለነርሷ ደግሞ ኤን 95 የተባለው አየር የሚያጣራ መሸፈኛ ነው።

አደጋውም ቀላል አይደለም። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተገናኘ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ባይቀመጡ ይሻላል። ሽንት ባለበት ቤድ ፓን (የአልጋ ላይ መጸዳጃ) ውስጥም አይጨመርም፣ በሽንቱ ውስጥ ያለው አሞኒያ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል። ሽንቱ ይደፋል፣ ቤድ ፓኑ ይታጠባል፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ።