ጅማ ላይ ዲኤክስ ለምታሠሩ፦ ቴስታታው ከመውረዱ በፊት

ለእረፍት ጅማ ገብታችሁ የቤተሰብ ዲኤክስ (የድሮዋን ቶዮታ ኮሮላ) የምትነዱ ሁሉ፣ «ይህ መኪና ተራ ቤንዚን አይስማማውም» ተብላችሁ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ለማስወረድ ከመስማማታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የእኛ ቤት 4ኬ ሞተር በዚሁ ሰበብ ተፈትቶ፣ ቶርኖ ቤት ተላጭቶ፣ ከገባበት ብሶ ነው የወጣው። መልሰው መኪና ያደረጉት መርካቶ በኩል ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው።

ምልክቶቹ የታወቁ ነበሩ። ወደ ጅረን ዳገት ሲወጣ ያንኳኳል፣ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) አይዝም፣ ቁልፉ ከተዘጋ በኋላም ሞተሩ ትንሽ ይንፈራገጣል። የመጀመሪያው ጋራዥ ኮፋኖውን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ይህ እርሳስ ላለበት ለድሮው ቤንዚን የተሠራ ነው፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለ። ስህተት ነው። ጃፓን ተራ ቤንዚኗን ከእርሳስ ያጸዳችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ይህ የኮሮላ ቅርጽ የወጣው ደግሞ በ1979። የ4ኬ ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ተለይተው የገቡ ጠንካራ ብረት ናቸው፤ እርሳስ ቀረባቸው ብሎ ማዘን አያስፈልግም። የመጭመቅ መጠኑም (ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን የሚጨምቅበት ልክ) 9 ለ1 ነው፣ ለተራ ቤንዚን የታሰበ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር የሚያንኳኳው ከቆላው ያነሰ መሆን አለበት። እኛ የምንኖርበት ዴንቨር ከጅማ ዝቅ ብላ እንኳ በየማደያው 85 ኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ) ተራ ተብሎ ይሸጣል፣ ቆላው ግዛት ግን ከ87 ይጀምራል። ስለዚህ ጅማ ላይ ደህና ዲኤክስ ካንኳኳ ጥፋተኛው መጀመሪያ ማስተካከያው ነው፣ ቀጥሎ የተበረዘ ነዳጅ።

አሁን ወደሚያናድደው። ቴስታታው ወረደ፤ «ጠሟል» ተባለና ማስመሪያ ሳይያዝበት፣ ስንት እንደጠመመ ሳይለካ ወደ ቶርኖ ቤት ተላከ። የሚያንኳኳ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። ሂሳቡ ይኸውና፦ 4ኬ 75 በ73 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንዱ ሲሊንደር 322 ሲሲ ያህል፣ የቴስታታው ጉድጓድና ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ) አንድ ላይ 40 ሲሲ ገደማ። ከቴስታታው 1 ሚሊ ሜትር ሲላጭ ከዚያ ላይ ሦስት አራት ሲሲ ይሄዳል፣ መጭመቁም ከ9 ወደ 10 ይጠጋል። ያን ጊዜ ተራው ቤንዚን በእርግጥ አይበቃውም። ጋራዡ ችግሩን ራሱ ፈጥሮ «አላልኳችሁም? ነዳጁ ነው» አለና ኦክቴን ይጨምራል የተባለ ጠርሙስ ሸጠ። የጠመመ ቴስታታ መላጨት ያለ ነው፤ ግን ቀጥ ያለ ማስመሪያና ስፔሶር (ቀጭን የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ተይዞ፣ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ሲገኝ፣ የሚላጨውም ቀጥ እስኪል ብቻ ነው። ልኩ ሲጠየቅ የሚነገር ቁጥር ከሌለ ቴስታታውን ይዛችሁ ውጡ።

መዘግየቱን ልተወው አልችልም። «ነገ ጠዋት» ማለት እዚያ ቤት መልስ ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም፤ ጓርኒሲዮን ሳይገዛ መኪናው ተፈትቶ ዝናብ ሲወርድበት ነበር። ከውጭ መምጣታችን ከታወቀ በኋላ የጓርኒሲዮኑ ዋጋ ሱቅ ከሚጠራው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተጻፈ፣ ያልተቀየሩ ካንዴላዎችም (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት) «አዲስ» ተብለው ደረሰኙ ላይ ገቡ። ዕቃውን ራሳችሁ ከሱቅ ግዙ። አሮጌው ሁሉ እንዲመለስላችሁም ከፊት ተነጋገሩ። ውጭ አገር ግምቱ በጽሑፍ ሳይሰጥ ብሎን አይፈታም፤ እዚህም አንድ ወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም።

አዛውንቱ የሠሩበት ቅደም ተከተል ትክክለኛው ነው፣ የትም ጋራዥ ይህን ጠይቁ። መጀመሪያ ነዳጁን ቀዱ። ከካርቡሬተሩ ቱቦ ላይ ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ ይቀዳና ይቆያል፤ ውሃ ካለው ከታች ይለያል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ሲደረግ ንጹህ ቤንዚን ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ያልቃል፣ ላምባ የተቀላቀለበት ግን ቅባት የመሰለ ምልክት ይተዋል። ላምባ ኦክቴኑን ስለሚያወርድ ያንኳኳል፣ ቁልፍ ከተዘጋ በኋላም ያንፈራግጣል። ከውጭ የመጣ ሰው ማደያ ላይ የሚከፈልበት ቴሌብር ስለሌለው ሰልፉን ትቶ ወደ ጀሪካን ነጋዴ ይሄዳል፤ የሚበላው እዚያ ነው። ከዘመድ አንዱን ይዛችሁ ማደያ ሂዱ።

ነዳጁ ደህና ከሆነ ካንዴላዎቹ ይወጡና ይታያሉ፦ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ የነጣና ያበጠ ጫፍ ደግሞ ቤንዚን ማነሱን ወይም እሳቱ መቅደሙን ይናገራል። ክፍተታቸው 0.8 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ፑንቲናው (እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ)፣ 0.45። ይህ ከታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት ከሚሰጥበት ጊዜ) በፊት ነው የሚሠራው፣ የፑንቲናው ክፍተት ሲቀየር ታይሚንጉም አብሮ ይሄዳልና። ከዚያ የቫኩም ቱቦው ከዲስትሪቢዩተሩ ተነቅሎ ይደፈንና ሚኒሞ 750 ዙር ላይ በመብራት ይለካል፤ ፒስተኑ ከሚደርስበት ከላይኛው ነጥብ 8 ዲግሪ በፊት። ብዙ መካኒክ በጆሮ ያስቀድመዋል፣ መኪናው ስለሚቀልለው ደንበኛው ይወድለታል። ጭነት ሲይዝ ግን ያንኳኳል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ስፕሪንጋቸው ከላላ ደግሞ ሚኒሞ ላይ ልክ የነበረው ዙር ሲጨምር ከመጠን በላይ ይቀድማል፣ ስለዚህ ዙር ተሰጥቶም ይታይ።

ካርቡሬተሩ ላይ ነው እሳቸው የሚለዩት። ጄቶቹን (ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች) በሽቦ አይነኩም፣ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋልና፤ በቤንዚን አጥበው በኮምፕሬሰር ይነፋሉ። ለገና የምትመጡ ሰዎች ከክረምት ጀምሮ የቆመ መኪና ነው የምታገኙት፤ ውስጡ የደረቀ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ጄቱን ያጠባል፣ ቤንዚን ያንሳል፣ ያነሰ ቤንዚን ደግሞ ያንኳኳል። የሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ዝገት ካልታጠበ አዲሱ ፊልትሮ ሳምንት ሳይቆይ ይደፈናል። በካርቡሬተሩ መስታወት ውስጥ የቤንዚኑ ልክ መሃል ላይ መታየት አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ጋዙ ሲሳብ ወደ ጉሮሮው ቤንዚን ፉጭ ካላለ፣ መኪናው ሲረገጥ የሚታነቀው በዚያ ነው። ቁልፍ ሲዘጋ ነዳጅ የሚቆርጠው ሶሌኖይድ «ጠቅ» ካላለ ደግሞ ሞተሩ የሚንፈራገጠው በዚያ ነው፤ ሽቦው ከተነቀለ ደግሞ ዘግቶ ይቀርና ሚኒሞ አይዝም። የእኛው ሽቦው ተነቅሎ ነበር፣ የተላጨው ቴስታታ ሁሉ ለዚህ። የቫልቩ ክፍተት በሙቁ 0.20 ሚሊ ሜትር ለመግቢያ፣ 0.30 ለመውጫ።

ለተላጨው ቴስታታ መድኃኒት የለውም፣ ማካካሻ ብቻ ነው። ታይሚንጉ ወደ 5 ዲግሪ ተመልሷል፤ ትንሽ ጉልበት ያጣል፣ ከዚያ በታች ቢወርድ ሞተሩ ይግላል። ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቡበት የሚሏችሁን አትስሙ፣ ውሃ ያሳልፋል። ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ ጊቤ በረሃ ላይ ከጠፋባችሁም ነዳጁን አትክሰሱ፤ የነዳጅ ቱቦው ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ተጠግቶ ቤንዚኑ እየተነነ ነው። ኮፋኖውን ክፈቱ፣ የነዳጅ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉና ቀዝቀዝ ሲል አስነሱ፤ ቱቦውንም ከመንገዱ በፊት ከማርሚታው አርቃችሁ እሰሩት።