የገሪማ ወንጌሎች ወይስ የነገሥታቱ መልእክተኞች?

የኢትዮጵያን ታሪክና ጥበብ የሚያጠኑ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንዱን ጁዲት ማኬንዚና ፍራንሲስ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2016 አወጡት፤ ዓድዋ አጠገብ ባለው አባ ገሪማ ገዳም ስለሚገኙት ወንጌሎች ነው። ሌላው በ2021 የታተመው የቬሬና ክሬብስ ሥራ ነው። እሱ ደግሞ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ወደ አውሮፓ ስለላኳቸው መልእክተኞች ያወራል።

የገሪማው ዓይን ያጠግባል። ገጹን ስትገልጡ ባለ ቅስት ዓምዶች፣ ከቅስቱ በላይ ወፎች፣ በዓምዶቹ መሃል ደግሞ የወንጌላቱ ማጣቀሻ ቁጥሮች ተደርድረው ታያላችሁ። ብዙ ምሁራን ቀድሞ የወንጌሎቹን ዕድሜ ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ይገምቱት ነበር። ብራናው በካርቦን ሲመረመር ግን ዕድሜው ወደ አክሱም ዘመን ሄደ። ሥዕሉ ከውጭ የመጣ ነው ለሚሉም ጸሐፊዎቹ፣ እዚሁ አገር ነው የተሠራው ብለው ይሞግታሉ። እኔን ደስ ያሰኘኝ ይሄ ነው።

የክሬብስ መጽሐፍ ሥዕል ለማየት ለጓጓ ሰው አይሆንም። ክርክሩ ግን ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ደርሰዋል። ነገሥታቱ የላኩት ጦር መሣሪያ ፍለጋ ነው ሲባል ኖሯል። ክሬብስ ግን የፈለጉት ቅዱስ አጽም፣ ንዋያተ ቅድሳትና የእጅ ባለሙያ ነው ትላለች፤ ለሚያሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት።

ሥዕል ለሚማር ልጅ የገሪማውን እሰጣለሁ። ታሪክ ለሚያስተምር ግን ሳላመነታ የክሬብስን። ክፍል ውስጥ ጥሩ ክርክር ያስነሳል።