ጫጩት፣ የሁለት ወር ዶሮ ወይስ ቄብ? ሰሜን ሸዋ ላይ ዶሮ ለሚጀምር

ዶሮ ማርባት ያሰበ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጫጩት ልግዛ ወይስ ያደገ?» መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝ ወይም ሌላ ደጋ ላይ ከሆናችሁና አሥር ገደማ ዶሮ ይዛችሁ መጀመር ከፈለጋችሁ፣ የሁለት ወር ዶሮ ግዙ።

ሰውን ወደ ጫጩት የሚስበው ዋጋው ነው። እውነትም ርካሽ ነው። ግን ሒሳቡ መሠራት ያለበት በተገዛው ሳይሆን በተረፈው ነው። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ለስሌት የሚመች ቁጥር ልውሰድ፤ እናንተ በሰሞኑ ዋጋ ተኩት። የአንድ ቀን ጫጩት 100 ብር፣ የሁለት ወሩ 400 ብር፣ የጫጩት መኖ ኪሎው 60 ብር ይሁን። 12 ጫጩት 1,200 ብር ነው። አንድ ጫጩት ሁለት ወር እስኪሞላው 2 ኪሎ ገደማ ይበላል፤ የ12ቱ 1,440 ብር መጣ። ለማሞቂያ፣ ለክትባትና ለሰጋቱራ 900 ብር ጨምሩ። ድምሩ 3,540 ብር ነው። ሁሉም ቢተርፉ አንዱ 295 ብር ይደርሳል፤ አትራፊ ናችሁ። 4 ቢሞቱስ? የሞቱት ያልበሉት መኖ ተቀንሶም ቢሆን፣ የቀሩት 8ቱ እያንዳንዳቸው ከ380 ብር ያልፋሉ፤ ሞቱ ከዘገየ ደግሞ ከ400 ብር በላይ ይሆናሉ። የሁለት ወር ድካማችሁ ደግሞ ገና አልታሰበም።

ደጋ ላይ 4 መሞቱ ሩቅ አይደለም። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ይሄዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በአምፖል ስታሞቁ መብራት ከጠፋ፣ ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራሉ። ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። ከሰል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጋዝ ጫጩቱንም አጠገቡ የተኛውንም ሰው ይገድላል። ዙሪያውን ጭድ የተጠቀጠቀበት ሳጥን ያለ መብራት ሙቀት ይይዛል፤ በእኔ እምነት ከሁለቱም ይበልጣል። ጭዱ እንዳይረጥብ ግን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል።

የክትባቱም ነገር አለ። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፈንግልና የጉምቦሮ (ሁለቱም ገዳይ የዶሮ በሽታዎች ናቸው) ክትባት በየተራ መውሰድ አለበት። አንዱ የክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው። ከተከፈተ በኋላ ለነገ አይቀመጥም። 12 ጫጩት ያለው ሰው አብዛኛውን ይደፋል። የሁለት ወር ዶሮ ይህን ጨርሶ ነው የሚመጣው። ሻጩ «ሁሉንም ተከትቧል» ሲላችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። የትኛው ክትባት በየትኛው ቀን እንደተሰጠ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት የሌለው ሻጭ ቢያንስ ቀኖቹን ሳያመነታ መናገር አለበት።

ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ፍርዴ ይለያል። እዚያ አገሩ ራሱ ሞቃት ስለሆነ የማሞቂያው ወጪ በጣም ይቀንሳል። ጫጩት ቢገዛ አልቃወምም።

ቄብ (እንቁላል ልትጀምር የደረሰች ወጣት ዶሮ) ልግዛ ለሚለው፣ ነገሩ ያማልላል። በሳምንታት ውስጥ እንቁላል! ችግሩ ገበያው ላይ አስመሳዩ መብዛቱ ነው። ትልልቅ እርባታዎች ዓመት ከምናምን የጣሉ ዶሮዎቻቸውን ያስወግዳሉ፤ በተለይ በዓል ሲቃረብ። ለወጥ ጥሩ ናቸው። አንዳንድ ነጋዴ ግን «ቄብ ናት፣ ልትጥል ነው» ብሎ ይሸጣቸዋል። አንዲት ጎረቤቴ በዚህ መንገድ ስድስት ቡናማ ዶሮ ገዝታ መኖ ስታቀርብ ከረመች፤ እንቁላሉ ግን የለም። ስለዚህ እግሩን እዩ። ቦቫንስ የሚባለው የእንቁላል ዝርያ በወጣትነቱ እግሩ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ብዙ የጣለች ዶሮ ቢጫው በእንቁላሉ አስኳል ስለሚያልቅ እግሯ ነጥቶ ይታያል። የእግሯ ቅርፊት ሻካራ፣ የአንገትና የጀርባ ላባዋ የተበጣጠሰ፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትልቅና የተንጠለጠለ ከሆነ ቄብ አይደለችም። እውነተኛ ቄብ ብታገኙም ዋጋዋ ከሁለት ወሩ በጣም ይበልጣል። ያን ልዩነት ለመኖ ባደርገው እመርጣለሁ።

ጫጩት ስትገዙም ማታለል አለ። ነጣ ያለ ቦቫንስ ብራውን ጫጩት ወንድ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። በርካሽ የሚቀርብላችሁ ነጩ እንቁላል አይጥልም። ኮኮክ በሚባለው ዝርያ ላይ ደግሞ ወንዱ ጫጩት አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ አለው።

የሐበሻ ዶሮ ከገበያ መግዛትስ? በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው። ለእንቁላል ብላችሁ አትግዟት። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ፈንግል የገባበት ቤት ዶሮውን ሳይሞትበት ወደ ገበያ ያወጣል፤ በሽታውን በገንዘባችሁ ገዝታችሁ ትገባላችሁ። አንድ ሥራ ላይ ግን የሐበሻን ዶሮ የሚስተካከላት የለም፦ መታቀፍ። አንዲት ጥሩ የምትታቀፍ ዶሮ ካለቻችሁ፣ ከአውራ ጋር ከሚውሉ ኮኮኮች 10 ወይም 12 እንቁላል አምጥታችሁ አስታቅፏት። አምፖልም ከሰልም ሳያስፈልግ ታሳድግላችኋለች። ደጋ ላይ ሆኖ ጫጩት ላሳድግ ብሎ ለሚሞግተኝ ሰው የምፈቅደው መንገድ ይህ ብቻ ነው።

ከዝርያ ለጓሮ ኮኮክን አስቀድማለሁ። እየለቀመ ይውላል፣ ወንዱም ለሥጋ ይሆናል። ቦቫንስ በእንቁላል ብዛት ይበልጠዋል፤ ግን የተመጣጠነ መኖ ካጎደላችሁበት ወዲያው ያቆማል። አንድ እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች። አሥር ካሏችሁ አንድ ኩንታል መኖ ሦስት ወር አይሞላም።

የምትገዙበት ወር ደግሞ ጥር ይሁን። ጥቅምት ላይ የሁለት ወር ዶሮ የገዛ ሰው፣ እንቁላሉ የሚጀምርለት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ወይም ከገባ በኋላ ነው። 55 ቀን እንቁላል ፈላጊ የለም፤ ዶሮዋ ግን መኖዋን አትጾምም። ጥር ላይ ከገዛችሁ የመጀመሪያው እንቁላል ፋሲካ አካባቢ ይደርሳል። ያኔ ገዢው ራሱ በር ያንኳኳል።