ሪሰርች የምታስፅፉ የደሴ ልጆች፣ ሚዩ ያለበትን ወረቀት ለማንም አትስጡ

ፒያሳ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ኮፒ ቤት አለች፣ እሷ ጋ ሂዱ። ዋጋዋ ከጎረቤቶቿ ወደድ ይላል፣ ወረፋም አለ፣ ግን ፀሐፊዋ ሚዩን ታውቃታለች፣ ያቺን ጭራዋን ወደታች የምትጥለውን የግሪክ ፊደል ማለቴ ነው።

እህቴ ጤና ነው የምትማረው፣ ወረቀቷ ላይ የመድኃኒቱ መጠን ሁሉ በማይክሮግራም ነው፣ የማይክሮ ምልክት ደሞ ሚዩ ናት፣ የሚሊዮን አንድ እጅ ማለት። መጀመሪያ የሰጠነው ሌላ ቤት ፎንቱን ጠቅላላ በአንድ ቀየረውና ሚዩ የነበረው በሙሉ ተራ የእንግሊዝኛ ኤም ሆኖ አረፈው። ሲምቦል በሚባለው የድሮ ፎንት ሚዩ የምትወጣው ኤምን ስትጫኑ ስለሆነ ፎንቱ ሲነሳ ኤሟ ብቻ ትቀራለች። ማይክሮግራሙ ሚሊግራም ሆነ፣ ሺ እጥፍ ወላሂ! ሰው ይገላል እኮ። የመድኃኒት ደህንነት ባለሙያዎች ሚዩን ትታችሁ ኤም ሲ ጂ ብላችሁ ፃፉ የሚሉት ለዚህ ነው።

የፒያሳዋ ልጅ ግን ገና ስታየው "እህትዓለም ይሄ ፎንቱ ነው፣ አንድ ባንድ ላስተካክልልሽ" አለቻት፣ አስተካከለችም።

ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማረው ጓደኛዬ ወረቀት ላይ ደሞ ያቺው ሚዩ አንዴ ሰበቃ ናት፣ ዝቅ ሲል የዘይት ቪስኮሲቲ፣ ስታትስቲክሱ ጋ ሲደርስ የፖፑሌሽኑ አማካይ፣ ኤሌክትሪካሎቹ ጋ ብትሄዱ ማግኔት ውስጥ ታገኟታላችሁ፣ ፊዚክሶቹ ደሞ ሙዮን ብለው ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ያህል የምትከብድ ቅንጣት አድርገዋታል፣ ይሄን ሁሉ ስራ ያለ ደሞዝ። ልጅቷ "ይቺኛዋ የትኛዋ ናት?" እያለች ጠየቀችውና መጀመሪያው ገፅ ላይ የምልክቶች ዝርዝር አስገባችለት፣ አማካሪው ያንን ሳያይ አይፈርምም ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ የማይክሮዋ ምልክትና የግሪኳ ሚዩ መልካቸው አንድ ኮዳቸው የተለያየ መሆኑንም ያወቅኩት ከሷ ነው፣ ለካ ፈልግ ስትሉት አንዳንዱን የሚዘለው ለዚህ ኖሯል።

ደሞ ባዕድ እንዳትመስላችሁ፣ ግሪኮች በፊደል ሲቆጥሩ ሚዩ 40 ነበረች፣ የግእዝ ቁጥሮችም ከነሱ ስለመጡ የኛዋ ፵ እሷው ናት።

ጥራዛቸው ግን አይመቸኝም፣ የጀርባው ፅሁፍ ጠመም ይላል፣ እሱን ሌላ ቦታ አስጠርዙ። ጄኔሬተር የላቸውም፣ መብራት ሳይሄድ በጠዋት ድረሱ፣ ፍላሻችሁንም ከቫይረስ አፅዱ፣ ልጅቷ በሱ ላይ ቀልድ አታውቅም።