ባሕር ዳር ላይ እንግሊዝኛ መማር ለምትፈልጉ፦ ስለ አንድ የማታ ኮርስ

ባሕር ዳር ውስጥ የእንግሊዝኛ ኮርስ ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ግን ሰዋስው አሸክሞ የሚልክ ነው። እኔ አሁን የምማርበት የማታ ኮርስ ይለያል። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን እዚህ አልጠቅስም፤ የፈለገ በኢንቦክስ ይጠይቀኝ።

አንድ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቃል ይመረጥና ክፍለ ጊዜው በሙሉ በእሱ ላይ ይውላል። ለምሳሌ «ፔፐር»። ወረቀት ነው፣ አለቀ፣ ምን ቀረው ብለን ተቀመጥን። መምህራችን ከሐይቁ ዳር የተቆረጠ ደንገል ይዘው ገቡ፤ ያው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። በቢላ ቆረጡና አዞሩልን። አገዳው ክብ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ እሺ የሚል። ጣና ዳር ያደግን ሰዎች እንኳ ልብ ብለን አይተነው አናውቅም።

የጥንት ግብፆች ይህንኑ ነጩን በቀጫጭኑ እየሰነጠቁ፣ አንዱን ረድፍ በቁመት ሌላውን በአግድም ደርበው፣ ተጭነው አድርቀው ይጽፉበት ነበር። ግሪኮች «ፓፒሮስ» አሉት፣ ሮማውያን «ፓፒሩስ»፣ ፈረንሳዮች «ፓፒዬ»፤ እንግሊዞች በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከፈረንሳይኛ ወሰዱት። የዛሬው ወረቀት ግን ከደንገል አይሠራም። ጥበቡ የቻይና ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ105 ካይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም ለንጉሡ አቀረበው ይባላል። አውሮፓ ሲደርስ የደንገሉን ስም ሰጡት። «ባይብል»ም ብትሉ መነሻው ግሪኮች ለዚሁ ተክል የነበራቸው ሌላ ስም ነው፣ «ቢብሎስ»።

ትርጉሙ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ሞቀ። ጋዜጣም ፔፐር ነው፣ የፈተና ወረቀትም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚያሳትሙት ጥናትም። «ዋይት ፔፐር» መንግሥት ፖሊሲውን የሚያብራራበት ሰነድ ነው። አብሮን የሚማር አስጎብኚ ልጅ ሁሉንም ደብተሩ ላይ ገለበጠው፤ ቱሪስት ይዞ ዘጌ ሲሻገር ታንኳ ቀዛፊዎቹን እያሳየ የሚያወራው አገኘ። እንዲህ ያለ ትምህርት ከአእምሮ አይጠፋም፣ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

አሁን ቅሬታዬ። አነባበብ ላይ ደካማ ናቸው። ብዙዎቻችን ወረቀቱንና በእንግሊዝኛ «ፔፐር» የሚባለውን ቁንዶ በርበሬ አንድ አድርገን እንጠራለን። ወረቀቱ «ፔይፐር» ተብሎ ሳብ ማለት አለበት፣ ይህን ግን ሊወጡ ሲሉ ነካ አድርገው አለፉት። የተማሪው ብዛትም ከክፍሉ አቅም በላይ ነው። ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ ስንመዘገብ ያልተነገረን የኮፒ ክፍያ መሃል ላይ መጣ፤ ይህ ልክ አይደለም፣ ቢሮ ሄጄም ተናግሬያለሁ።

የምትመዘገቡ ከሆነ የኮፒውን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀድማችሁም ድረሱ፤ ከኋላ ወንበር ሰሌዳው አይታይም፣ በመንገዱ ባጃጅ ሲያልፍ ደግሞ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም።